ከስህተት የተወለደ ሀብት፤ በማይንክራፍት ዓለም ባለቤቱ ማን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ በሄድኩበት ወቅት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ እጄን ይዞ ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠኝ። ስክሪኑ ላይ በኩብ ቅርጽ ብሎኮች የተሠራ፣ የእንጨት ጣሪያና የእንጨት አጥር ያለው ቤት ይታያል። «ጋሼ፣ አሁን ላቃጥለው ነው፤ ይዩ» አለና እሳት ለቀቀበት። አጥሩ ወዲያው ተያያዘ። ጣሪያው ላይ ግን ነበልባሉ ጥቂት ተንቦግቡጎ ጠፋ፤ አንዲት ጣውላ እንኳ አልጎደለችም። ልጁ በኩራት ሳቀ። «እንጨት ይመስላል እንጂ ድንጋይ ነው» ሲል አስረዳኝ። ጣሪያውን የሠራው ዛሬ ሥራ የያዘው ታላቅ ወንድሙ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ከወጣው ቨርዥን ወዲህ ይህንን ዓይነቱን ብሎክ በተለመደው የጨዋታው መንገድ መሥራት አይቻልም። ያለው አለው፤ የሌለው የለውም።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም መጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቆይቶ ሲታሰብ ግን በዚያ የማይቃጠል ጣሪያ ውስጥ አዋቂዎችን በቀጥታ የሚመለከት ጥያቄ አለ። በስህተት የተፈጠረ፣ አምራቹ ማምረት ያቆመው፣ በእጅ የማይዳሰስ አንድ ነገር የማን ነው? የሠራው ልጅ ነው? ፕሮግራሙን የጻፈው ኩባንያ ነው? ወይስ ኮምፒዩተሩን የገዛው አባት? ሙዚቃውን፣ መጽሐፉን፣ የቢሮ ሶፍትዌሩንና ፎቶግራፉን ሁሉ ወደ ኩባንያዎች ሰርቨር እያሻገረ ያለ ኅብረተሰብ ይህንን ጥያቄ ዛሬ ባይጠይቀው ነገ መጠየቁ አይቀርም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እንበል። ማይንክራፍት ስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ለሕዝብ የለቀቀውና በኅዳር 2011 በሙሉ ቨርዥን የወጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አፈር፣ ድንጋይና ዛፍ እየቆፈረና እየቆረጠ ያከማቻል፤ ባከማቸው ዕቃ ደግሞ ያሻውን ይገነባል። ግዴታ የለበትም፣ ማለቂያም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ማይክሮሶፍት የጨዋታውን ባለቤት ሞጃንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ይፋ ሆኗል። ይህንን ያህል ሕዝብ የሚጠቀምበት ነገር ውስጥ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ብዙ ቤት ይገባል።

እንጨት እንዴት ድንጋይ ሆነ?

የልጁ ጣሪያ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በወቅቱ በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ የብሎክ ዓይነት መለያ ቁጥር ነበረው። ለወለልና ለጣሪያ የሚያገለግሉት ግማሽ ብሎኮች ሁሉ በአንድ ቁጥር ሥር ተመደቡ፤ ያ ቁጥር ደግሞ አስቀድሞ የተመዘገበው «ድንጋይ» ተብሎ ነበር። ስለዚህ ከጣውላ የተሠራው ግማሽ ብሎክ መልኩ የእንጨት፣ ባሕርዩ የድንጋይ ሆኖ ተወለደ። በመጥረቢያ ሳይሆን በዶማ ይቆፈራል፤ እሳት አይነካውም። ፕሮግራመሮቹ ስህተቱን ያረሙት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ለእንጨት ግማሽ ብሎኮች የራሳቸውን ቁጥር በመስጠት ነው። ከዚያ በኋላ ጣውላ ደርድሮ ግማሽ ብሎክ የሚሠራ ሁሉ የሚያገኘው በደንቡ የሚቃጠለውን እንጨት ሆነ።

በቀድሞው ጊዜ የተሠሩትስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። አሮጌዎቹ ብሎኮች በየተጫዋቹ ኮምፒዩተር ውስጥ በየዓለማቸው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው ቁጥሮቹን በሙሉ ሰርዞ እያንዳንዱን ነገር በስም ለመጥራት ሲወስን፣ ለእነዚህ ድቅል ብሎኮች ምን እንደሚደረግ መወሰን ነበረበት። ወደ ተራ እንጨት ቢለውጣቸው ማንም አይከሰውም ነበር። ነገር ግን አልለወጣቸውም። «ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የኦክ ግማሽ ብሎክ» የሚል የራሳቸው ስም ሰጣቸውና በክብር አስቀመጣቸው። ስህተቱ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ ማለት ነው። የወዳጄ ልጅ ጣሪያ ዛሬም የማይቃጠለው ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ቢሮ ያሉ ሰዎች እንዲህ እንዲሆን ስለፈለጉ ነው።

ሁሉም ነገር ይህ ዕድል አልገጠመውም። ጽጌረዳዋን እንውሰድ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጨዋታው ውስጥ ከሚገኙት ሁለት የአበባ ዓይነቶች አንዷ ቀይ ጽጌረዳ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 በወጣው ቨርዥን ብዙ አዳዲስ አበቦች ሲጨመሩ ጽጌረዳዋ ፖፒ በሚባል ሌላ ቀይ አበባ ተተካች። ቁጥሩ ያው ስለነበር ደግሞ ቀደም ሲል የተተከሉት ጽጌረዳዎች ሁሉ፣ የትም ይሁኑ የት፣ ተጫዋቹ አዲሱን ቨርዥን በከፈተበት ቅጽበት ፖፒ ሆነው ተገኙ። ጽጌረዳ እየሸጠ የውጭ ምንዛሪ ለሚያገኝ አገር ሰው ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን ማታ ጽጌረዳ ተክሎ የተኛ ሰው ጠዋት ሌላ አበባ ማግኘቱ ቀልድ ብቻ አይደለም። ጣሪያው ተረፈ፣ አበባው ጠፋ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተጫዋቹ መብት አልነበረም፤ የፕሮግራመሩ ፈቃድ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከስህተት ይልቅ ከጡረታ ጋር የተያያዘ ነው። ማይንክራፍት በ2011 ወደ ሞባይል ስልክ ሲመጣ የስልኮቹ አቅም ትንሽ ስለነበር ዓለሙ ከ256 በ256 ብሎክ አያልፍም ነበር፤ ኔዘር የሚባለው የእሳት ዓለምም አልነበረውም። በዚህ ፈንታ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ «የኔዘር ሪአክተር» የሚባል ብሎክ ገባ። ከስድስት የብረት ቁራጭና ከሦስት አልማዝ ይሠራል፤ በወርቅና በኮብልስቶን (እንደኛ ሰፈር መንገድ) ዙሪያውን ታጥሮ ሲነካ አካባቢውን ገልብጦ ከኔዘር ብቻ የሚገኙ ዕቃዎችን ይረጫል። ስልኮቹ ሲጎለብቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እውነተኛው ኔዘር ወደ ስልክ መጣና ሪአክተሩ ሥራውን አቆመ። ብሎኩ ግን በአሮጌ ዓለሞች ውስጥ ቆሞ ቀረ። ምንም አያደርግም። ተዘግቶ እንደቀረ ፋብሪካ ይታያል፣ ያ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች የሚወዱት ግን ልክ ይህንኑ ነው።

በዚሁ የስልክ ቨርዥን ውስጥ ከሁሉም የሚገርም አንድ ብሎክ አለ። ፕሮግራሙ የማያውቀው ነገር ሲያጋጥመው በቦታው የሚያስቀምጠው ሲሆን፣ ላዩ ላይ «አፕዴት!» የሚል ጽሑፍ አለበት። «እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን አላውቀውም» እንደማለት ነው። ዕቃ መሆኑ ሳይሆን ዕቃ አለመሆኑ የሚታይበት ዕቃ።

የዓለም ጫፍ

ከስህተቶቹ ሁሉ ዝነኛው ግን ዕቃ ሳይሆን አገር ነው። የጨዋታው መሬት ተጫዋቹ በሄደ ቁጥር በሒሳብ ቀመር እየተፈበረከ የሚቀጥል ሲሆን፣ ከመነሻው 12,550,821 ብሎክ ያህል ርቀት ላይ ቀመሩ ይበላሽ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የቁጥር ዓይነት መያዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን እንደ አሮጌ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ተገልብጦ ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል። በዚያ ርቀት ላይ መሬቱ ተራራና ሜዳ መሆኑን ትቶ ወደ ሰማይ የሚቆም፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ግዙፍ ግድግዳ ይሆናል። ተጫዋቾች «ሩቅ ምድር» አሉት።

አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ተደርጎ ስለሚቆጠር ርቀቱ ከ12,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለመድረስ ከሚያቋርጠው የአየር ርቀት በላይ ነው። በተራ እርምጃ ሌት ተቀን ያለ እረፍት ቢኬድ ከ33 ቀናት በላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 የወጣው ቨርዥን የመሬት ቀመሩን ሲያስተካክል ሩቅ ምድር ጠፋ። ከዚያው ዓመት መጋቢት ወር ጀምሮ ወደዚያ በእግሩ ጉዞ የጀመረ ከርት ጄ. ማክ የተባለ አሜሪካዊ ግን ጉዞውን አላቋረጠም። ቨርዥኑን ሳያሳድግ፣ አሮጌውን ፕሮግራም እንደያዘ ለዓመታት ተጓዘ፤ ጉዞውን በቪዲዮ እያሳየም የታመሙ ሕፃናትን ለሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ አሰባሰበ። ሩቅ ምድር ለሌላው ዓለም ሲጠፋ ለእሱ የቀረው ፕሮግራሙ በራሱ ማሽን ላይ ስለነበር ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ብርቅ መሆን እና የቅጂ ጣጣ

የተሳሳተ ነገር ከትክክለኛው ይልቅ መወደዱ አዲስ አይደለም። በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የታተመውና የአውሮፕላኑ ሥዕል የተገለበጠው የ24 ሳንቲም ቴምብር የታወቀ ነው። ለገበያ የወጣው መቶ ቴምብር የያዘ አንድ ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ ከመቶው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 በጨረታ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። የቴምብሩ ዋጋ በሦስት ነገር ላይ ቆሟል። ማተሚያ ቤቱ ያንን ስህተት ዳግም ሊሠራ አይችልም፤ ቁጥሩ ይታወቃል፤ የያዘውን ሰው ደግሞ ፖስታ ቤቱ መጥቶ «አርሜልሃለሁ» አይለውም።

በዲጂታሉ ዓለም ሦስቱም ምሰሶዎች ይናጋሉ። መጀመሪያ ነገር፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር ሊባዛ ይችላል። በማይንክራፍት ታሪክ ውስጥ አንድን ዕቃ ሁለት ለማድረግ የሚያስችሉ ስህተቶች ያልተገኙበት ዘመን የለም። ብዙ ሰዎች በጋራ በሚጫወቱባቸው ሰርቨሮች ውስጥ ደግሞ አልማዝ እንደ ገንዘብ ያገለግላል። አንድ ብልጥ የማባዣ ዘዴ ሲያገኝ አልማዙ በአንድ ሌሊት ይረክሳል፤ በቅን ልቦና ሲቆፍር የከረመው ተጫዋች ያጠራቀመው ሁሉ ዋጋ ያጣል። የገንዘብ ኖት ያለልክ ሲታተም የሚሆነውን የኑሮ ውድነት ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሰርቨሩ ባለቤት ያለው አማራጭም የማዕከላዊ ባንክ ገዥን ያህል መራራ ነው። ዓለሙን ከማጭበርበሩ በፊት ወደነበረበት ቀን ሊመልሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን በመካከሉ በሐቅ የተሠራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ምንም ሕግ የለም ተብሎ የታወጀበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የተከፈተው «ቱ ቢ ቱ ቲ» የተባለው ሰርቨር ማታለልም፣ መስረቅም፣ ማፍረስም የማይከለከልበት በመሆኑ ይታወቃል። በዚያ ተጫዋች በምንም መንገድ ሊይዛቸው የማይገባ ብሎኮች በእጅ ይዞራሉ። በደንቡ የሰይፍ ስለት ከአምስተኛ ደረጃ የማያልፍ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሰርቨር 32,767ኛ ደረጃ የደረሱ ሰይፎች ታይተዋል። ይህም ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ለዚያ ቦታ ከመደበው የቁጥር ዓይነት የመጨረሻው ነው። አንድ ምት ያለቀለት ነው። ሕግ የለም በተባለበት ቦታ ሳይቀር ግን እነዚህን ሰይፎች ከጥቅም ውጭ የማድረግ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ማሽኑን የሚያስተዳድረው። ሥርዓት አልባ የተባለው አገር ንጉሥ ነበረው ማለት ነው።

ሊባዛ የማይችል ብርቅ ነገር ከተፈለገ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የኩባንያው መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ላስ ቬጋስ በተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ የማይንክራፍት ጉባኤ ለተገኙ ሰዎች በጨዋታው ውስጥ የሚለበስ ካባ ተሰጣቸው። በኋላ በፓሪስ፣ በኦርላንዶ፣ በለንደንና በአናሃይም በተደረጉት ጉባኤዎችም እንዲሁ። ካባ በእኛም አገር የሚገባው ሰው ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነገር ነውና ትርጉሙ አይጠፋንም። እነዚህ ካባዎች ዳግም አይሰጡም፤ ሊባዙም አይችሉም፤ ምክንያቱም ያሉት በተጫዋቹ ኮምፒዩተር ሳይሆን በኩባንያው የአካውንት መዝገብ ላይ ነው። እዚያው ላይ ነው ችግሩም። የሚያስከብራቸው መዝገብ የሚሰርዛቸውም መዝገብ ነው። አካውንት መሸጥ በውሉ የተከለከለ ስለሆነ፣ በድብቅ ገዝቶ ካባ የለበሰ ሰው ነገ ቢገፈፍ አቤት የሚልበት የለውም።

ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይደለህም

አብዛኛው ሰው የሶፍትዌር ውል ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል። የማይንክራፍት ውል የሚለው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ነው፤ ገንዘብ ከፍለው የሚያገኙት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግለሰቡ ቤቱን ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ግን በይዞታነት ነው የያዘው። ልዩነቱ የመሬት ባለይዞታ ሲነሳ ካሣ የሚባል ነገር በሕግ መኖሩ ነው። በዲጂታሉ ዓለም ያ እንኳ እምብዛም አይገኝም።

ፍርድ ቤቶች ስለ ጉዳዩ ምን አሉ? ከሚጠቀሱት ውስጥ አንዱ የኔዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2012 የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ ማይንክራፍትን አይመለከትም፤ ሩንስኬፕ የተባለ ሌላ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ሁለት ታዳጊዎች አንድን የ13 ዓመት ልጅ ደብድበውና በቢላ አስፈራርተው በጨዋታው ውስጥ የነበረውን የአንገት ጌጥና ጭምብል ወደ ራሳቸው እንዲያስተላልፍ አስገደዱት። የተከሳሾቹ ክርክር «የሌለ ነገር አይሰረቅም» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ልጁ ጊዜና ጉልበት ያፈሰሰበት፣ በእጁ የነበረና ከእጁ የወጣ ነገር ነውና ስርቆት ነው ሲል ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ሆኖም የመለሰው ግማሹን ጥያቄ ነው። አንዱ ተጫዋች የሌላውን ቢወስድ ሌባ ይባላል፤ ኩባንያው ራሱ ቢወስድስ? ስለዚህኛው የኔዘርላንዱ ውሳኔ ያለው ነገር የለም።

በማይንክራፍት ታሪክ ውስጥ የኩባንያው እጅ የታየባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ሞጃንግ የቀድሞዎቹን አካውንቶች ወደ ማይክሮሶፍት አካውንት እንዲቀየሩ አዘዘ፤ ምክንያቱ የደኅንነት ጥበቃ ነው ተባለ፤ ከ2021 ጀምሮ ጥሪ ሲደረግ ቆይቶ በ2023 መጨረሻ በሩ ተዘጋ። በጊዜው ያልቀየረ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የከፈለበትን ጨዋታ እንደገና መግዛት ግድ ሆነበት። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖት ሲቀየር የነበረውን የባንክ ሰልፍ ለምናስታውስ ሰዎች አሠራሩ የሚታወቅ ነው። ጊዜው ከብር ቅያሪው የሦስት ወር ገደብ ይልቅ እጅግ የረዘመ መሆኑን ለኩባንያው ፍትሕ ሲባል መናገር ይገባል። ይሁን እንጂ ማዕከላዊ ባንክ ያደረገውን የማድረግ ሥልጣን ለአንድ የጨዋታ አምራች የሰጠው ማን ነው?

ሌላም አለ። በማይንክራፍት ስም የወጣው «ስቶሪ ሞድ» የተባለ ታሪክ ነክ ጨዋታ አምራቹ ኩባንያ ከከሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 አገልግሎቱ ተቋረጠ። የገዙ ሰዎች ሁሉንም ክፍል ከዚያ ቀን በፊት አውርደው እንዲያስቀምጡ ተነገራቸው። በአንዱ የጨዋታ ማሽን መደብር ላይማ ሰው እንዳይገዛው ሲባል የየክፍሉ ዋጋ 100 ዶላር ገደማ ተደርጎ ነበር። መሸጥ ማቆም ሲያቅት ዋጋ መስቀል የተለየ ዘዴ ነው።

ለሚዛናዊነት ያህል ኩባንያው ጥሩ ያደረገበትም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ሞጃንግ የማይንክራፍት ዓለሞችንና ዕቃዎችን በብሎክቼይን ላይ በተመዘገበ የኤንኤፍቲ ንብረትነት መሸጥን ከለከለ። የሰጠው ምክንያት ሆን ተብሎ የሚፈጠር ብርቅነት ሰዎችን የሚያገልል ነው፣ ጨዋታው ደግሞ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው የተሠራው የሚል ነበር። በማይንክራፍት ላይ የተመሠረቱ አሥር ሺሕ «ዓለሞችን» ሸጦ የነበረው ፕሮጀክት የራሱ መገበያያ ዋጋ ወዲያው አሽቆለቆለ። እነዚያ ገዥዎች «በማንም ሊሰረዝ የማይችል የባለቤትነት ማረጋገጫ» ገዝተናል ብለው ነበር። ማረጋገጫው እውነትም አልተሰረዘም። የሚያረጋግጠው ነገር ነው የጠፋው። ከጣሪያው ታሪክ ጋር ስናነጻጽረው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ሰው ሊሸጠው ብሎ የፈጠረው ብርቅነት አንድ ቀን ባወጡት መግለጫ ፈረሰ፤ ማንም ሳያስበው በስህተት የተፈጠረው ግን አለ።

ከጨዋታ ውጭም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን በኪንድል ማንበቢያ የሸጣቸውን የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት አቅራቢው መብት አልነበረውም በሚል ከገዥዎች ማሽን ላይ በርቀት አጠፋቸው፤ ገንዘቡን መልሷል፣ ኋላም ይቅርታ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ ደግሞ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጨዋታ ሰርቨር ሲዘጋ፣ ለብቻ ለሚጫወቱትም ሳይቀር ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ይህ ያስቆጣቸው ሰዎች በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አስፈላጊው አንድ ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛትም ከጥር 2025 ጀምሮ፣ ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ ድርጅት ይህንኑ በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚለውን ቃል መጠቀም እንደማይችል የሚደነግግ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ ለገዥው አንድም ተጨማሪ መብት አይሰጥም። ነገሩን በስሙ መጥራትን ብቻ ነው የሚያስገድደው።

ሁለት ማይንክራፍት

የኩባንያዎቹ ክርክር ፍሬ የለውም ማለት አይቻልም። ስህተት መታረም አለበት፤ ሰርቨር ማስተዳደር ገንዘብ ይጠይቃል፤ አሥር ዓመት ያለፈው የደኅንነት ቀዳዳ ያለበትን አካውንት ክፍት መተውም ኃላፊነት አይደለም። ጥያቄው ማረም ይገባል ወይ የሚል አይደለም። የታረመው ነገር የቀድሞውን ከሰው እጅ ይዞ መሄድ አለበት ወይ ነው። በዚህ ላይ የሚገርመው ነገር ያው ኩባንያ ለአንድ ጨዋታ ሁለት ተቃራኒ መልስ መስጠቱ ነው።

ማይንክራፍት ዛሬ በሁለት መልክ ይሸጣል። «ጃቫ» የተባለው በኮምፒዩተር ላይ ያለው ሲሆን፣ የማስጀመሪያው ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ ከወጡት ቨርዥኖች መካከል የፈለጉትን መርጠው እንዲከፍቱ ይፈቅዳል። ጽጌረዳ የናፈቀው የ2012ቱን ይከፍታል፤ ሩቅ ምድርን ማየት የፈለገ የ2011ን። ዓለሙም በገዛ ዲስኩ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ በፍላሽ ይገለብጠዋል፣ ለወንድሙ ይሰጠዋል። በስልክ፣ በታብሌትና በጨዋታ ማሽኖች ላይ ያለው «ቤድሮክ» የተባለው ግን በመተግበሪያ መደብር በኩል ራሱን ያድሳል፤ ተጫዋቹ ወደ ቀድሞው ቨርዥን የሚመለስበት ኩባንያው ያዘጋጀለት መንገድ የለም። በውስጡ ያለው መደብር የሚሸጣቸው ዕቃዎችም ከአካውንቱ ጋር የታሰሩ ናቸው። የሁለቱ ውል በወረቀት ላይ ያው «ፈቃድ» ነው። በተግባር ግን አንደኛው ባለቤትነትን ይመስላል፣ ሁለተኛው ኪራይን። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሕግ አውጪዎች መነሻ ሊያደርጉት የሚገባው ይህንን ልዩነት ነው። ኩባንያ ሰርቨሩን ለዘላለም ክፍት ያድርግ ማለት ቅዠት ነው፤ የከፈለ ሰው የከፈለበትን ቨርዥን በራሱ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ይችል ማለት ግን የሚቻል ነገር መሆኑን ሞጃንግ ራሱ ላለፉት ብዙ ዓመታት አሳይቷል።

ገበያው የሚሄደው በተቃራኒው መሆኑ ነው የሚያሳስበው። ርካሹና ምቹው ሁልጊዜ ኪራይ የሚመስለው ነው። ወዳጄም ለልጁ ታብሌት ለመግዛት አስቦ እንደነበር በዚያው ዕለት ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ አጫውቶኛል። ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፣ ድምፁም እንደ ወፍጮ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይጠፋል። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጣሪያው አብሮ ይመጣል?» አባት መልሱን ስላላወቀ ትልቁ ልጅ ጋ ተደወለ። በሁለቱ ቨርዥኖች የዓለሙ ፋይል አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ በሌላ ፕሮግራም ካልተለወጠ እንደማይከፈት፣ ከተለወጠም ጣሪያው ምን ሆኖ እንደሚወጣ ዋስትና እንደሌለ ከስልኩ ወዲያ ማዶ አስረዳ። ታብሌቱ ለጊዜው ቀርቷል። ትንሹ ልጅ ግን በማግስቱ የዓለሙን ፋይል በሁለት ፍላሽ ገልብጦ አንዱን እናቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የቤቱ ካርታ ያለበት ፖስታ ዘንድ እንዳስቀመጠው ሰምቻለሁ።